የሐረጉ ወተት በሙሳ መዳፍ

በቅሎ ግትር ናት የሚል ሰው ባሌን ሙሳን አላየም። ጉዳታችንም ከዚሁ ግትርነቱ መጣ፤ ሌላ ሰበብ አልፈልግለትም።

ጣሊያን ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃ መንገድ ሲቆርጥ ከየቤቱ አንድ ሰው ይወስድ ነበር። የሙሳን ታላቅ ወንድም አብዱልመጂድን ወሰዱትና ድንጋይ ተንዶበት ሞተ። ሬሳውን እንኳ አልሰጡንም። ቀጥሎ ተራው የሙሳ ነበር። እኔ ደግሞ ባሌን ለዚያ ድንጋይ አልሰጥም ብዬ ማልኩ።

ዘዴውን ያመጡት ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ ናቸው። በማሽላችን አጥር ላይ የሚሳብ ሐረግ አለ፤ አበባው ነጭ ነው፣ ሲቀነጠስ ወተት ያፈሳል። በየዓመቱ ቆርጠን እንጥለዋለን፣ ዝናብ ሲጥል ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ወተቱ ገላ ከነካ ያቃጥላል፣ ውሃ ይቋጥራል። ጋሽ ደምሴ ባታቸውን ቀብተውት ቁስለኛ ተብለው ከመንገዱ ቀርተዋል።

“ባትህን ብቻ ቀባው፤ ሌላ ቦታ እንዳታስነካው” አሉት።

እሺ ቢል ምን ነበረበት። እሳቸው ሲሄዱ “እግሩ የቆሰለ ሰው ቁጭ ብሎ ድንጋይ ይፈልጣል። መዶሻ የማይዝ እጅን ግን ምን ያደርጉታል?” አለኝ።

“ተው አንተ ሰው፣ በምን ልትበላ ነው?”

“አንቺ ታጎርሺኛለሽ” ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ፣ ሳቁን እወደዋለሁ። ሄዶ ሁለት መዳፉን በወተቱ አሸ።

ለዙህር ሰላት ውሃ አቀረብኩለት። እጁ እሳት ሆኖበታል። “ውሃ አልችልም፣ ተየሙም አደርጋለሁ” አለ። ሕጉስ ልክ ነው፤ ውሃ ለማይችል ሰው ንጹሕ አፈር ይበቃዋል። መሬቱን በሁለት መዳፉ መታና ፊቱን ከግንባሩ እስከ አገጩ አበሰ። ያንን ወተት ከነአፈሩ ዓይኑ ውስጥ ከተተው። ሲጮህ ሮጬ ደረስኩ። ውሃ ደፋሁበት፣ የፍየል ወተት አፈሰስኩበት፤ ምንም አልረዳው። ውሎ አድሮ ቀኑን ከሌሊት መለየት ተሳነው።

ተቆጣሁት፣ ወላሂ ተቆጣሁት። ዓይኑን እየጠረግኩ እሰድበዋለሁ፣ እየሰደብኩት አለቅሳለሁ። እሱ ግን “መንገዱ ቀረልኝ አይደል?” ይለኛል።

አንድ ጠዋት ለመንገዱ ሰው የሚሰበስበው ሹምባሽ ከአንድ ዘበኛ ጋር መጣ። በሙሳ ፊት እጁን ወዲያና ወዲህ አወዛወዘና “ይሄ አይረባም” አለ። አልሐምዱሊላህ ልል ስል ወደኔ ዞረ።

“ቤቱ ግን አንድ ሰው አለበት። ቅርጫትሽን ያዢ፣ ጠጠር ትሸከሚያለሽ።”

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ። ወደ ደጅ ሲወጡ ሙሳ ግድግዳውን እየዳበሰ ተከተላቸው። ሁለት መዳፉን ወደፊት ዘረጋ፤ ቁስሉ ገና መግል ይዞ ነበር።

“እጄ ድኗል ጌታዬ፣ ይዩት። መዶሻ ይይዛል። ድንጋዩ አጠገብ ብቻ ያስቀምጡኝ። እሷን ይተዉልኝ።”

ሹምባሹ ግን ከሙሳ በስተግራ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ከዘበኛው ጋር ያወራ ነበር። ሙሳ የሚለምነው ሰው የሌለበትን ደጅ ነው። ትከሻውን ይዤ ወደ ሰውዬው ላዞረው እጄን አነሳሁ። ባዞረው ሹምባሹ ልመናውን ሰምቶ ይወስደው ይሆናል ብዬ ፈራሁና እጄን መለስኩ። እሱ ባዶውን ደጅ እየለመነ፣ እኔ ቅርጫቴን ይዤ ድምፄን ሳላሰማ ወጣሁ።