ከኡም ጋርጉር የመጣው ፍላሽ

አማቼን ስንሻውን ሳየው እስካሁን ደሜ ይፈላል። ልጄ ዙፋን፣ ሚስቱ፣ «አባባ ይበቃሃል፤ ሰውየው እኮ ሊረዳህ ብሎ ነው» ትለኛለች። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ሊጎዳኝ ብሎ ቢሆን አንድ ቀን ተጣልተን እንገላገል ነበር። ሊረዳኝ ብሎ ያጠፋብኝን ሰው ምን ልበለው?

አየነው እባላለሁ፤ የመተማ ሰው ነኝ። ዕድሜዬን በሙሉ እዚህ ሱዳን የሰሊጥ ነጋዴ ጸሐፊ ሆኜ ኖሬ፣ አሁን ገዳሪፍ ቤቴ ተቀምጫለሁ። ቤቴ ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበረኝ። መሥሪያ ቤቱ ሊጥለው ሲል ለምኜ የወሰድኩት ነው። ሲነሳ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፤ ሙቀት ሲበረታ ራሱን ያጠፋል። እኔ ከሱ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቃል ገበታ የሚባለውን ጨዋታ።

ቃል ገበታን የሠራው ድሮ ካርቱም ይማር የነበረ አንድ የጎንደር ልጅ ነው። ፊደሎች ይደርሱሃል፣ ሰሌዳው ላይ ካለው ቃል ጋር አያይዘህ የራስህን ቃል ትሠራለህ፣ ማሽኑ ነጥብህን ይደምራል፤ በቃ። ልጁ በሲዲ አባዝቶ ለወዳጅ ለዘመድ አደለውና የት እንደገባ እንጃ። ሌላ አልሠራ፣ ያንንም አላደሰው። እንዲያድሰውስ ማን ጠየቀው? ጨዋታው ምንም አልጎደለውም።

የጨዋታ ጓደኛዬ ገብረሚካኤል ነው። የሽሬ ሰው ነው። ቁረይሻ፣ አንድ የሰሊጥ እርሻ ቢሮ ውስጥ አብረን ስንሠራ ነው የተዋወቅነው። ክረምት ሲገባ ያ ጥቁር መሬት ጭቃ ይሆንና መኪና አይገባም፣ አይወጣም። ሁለታችን ጄኔሬተሩ እስኪጠፋ ድረስ ቃል ገበታ ስንጫወት እንከርም ነበር። ስንት ጊዜ ተሰዳድበን፣ ስንት ጊዜ ተኳርፈን ቁርስ ላይ ታርቀናል። አማርኛው ከእኔ ይበልጣል፤ ይህን ፊት ለፊት ነግሬው አላውቅም።

አንድ ጠባይ አለው። ኮምፒውተሩ ላይ ዓመቱን የሚሞላው በእኛው፣ በሐበሻው አቆጣጠር ነው። «በሰው ዓመት አልኖርም» ይላል። ማሽኑ ሌላው ዓለም ካለበት ስምንት ዓመት ወደኋላ ቀርቶ ይኖራል። ገና ቁረይሻ እያለን ስቄበት፣ ከዚያ ረሳሁት።

በኋላ እሱ ከሚስቱ ከትዕበ ጋር ኡም ጋርጉር የስደተኞች መጠለያ ገባ፣ እኔ ገዳሪፍ ቀረሁ። ጨዋታውን ግን አልተውነውም። ብርሁ የሚባል የአገሬ ልጅ በሃይስ ሚኒባሱ በኡም ጋርጉር በኩል ወደ ኸሽም ኤል ቂርባ ሰው ያመላልሳል። አንዲት ፍላሽ እሱ እጅ እንሰጣለን። እኔ ቃሌን እሠራና፣ አንዱን ቅጂ እኔ ማሽን ላይ አስቀርቼ ፍላሹን እልካለሁ፤ ገብረሚካኤል እሱ ማሽን ላይ ከፍቶ የራሱን ይሠራና ይመልሳል። ከጨዋታው ሌላ ምንም አንጽፍም፤ ይህ ሕጋችን ነው። ለሰላምታ ስልክ አለ።

አገር ቤት በሰሜኑ ጦርነት ዓመት ገብረሚካኤል የእኅቱን ልጅ አጣ፤ ሬሳ እንኳ አላገኙም። እኔም በዚያው ሰሞን ወንድሜን አጣሁ። አብረን ማልቀስ ነበረብን። እኛ ግን ገዳሪፍ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተገናኝተን ተዘላለፍን። ያን ሁሉ ዘመን እኔና አንተ ስንባባል ኖረን፣ በዚያች ቀን «እናንተ» ተባባልን። እናንተ ጀመራችሁ፣ እናንተ ገደላችሁ። ሰው ቆሞ ሰማን። ቤቴ ስገባ ቁጥሩን ከስልኬ አጠፋሁት።

በሳምንቱ ብርሁ ፍላሹን ይዞልኝ መጣ። ጨዋታ መሃል ነበር የተጣላነው፣ ተራውም የገብረሚካኤል ነበር። ከፈትኩት። «ሰሊጥ» ብሎ ሠርቶ፣ ስመኘው የነበረውን ቦታ ወስዶብኛል። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ታደርገዋለህ? እንደተናደድኩ ተቀምጬ የሚያበሽቀውን ቃል ፈለግሁለት። እንዲህ ሆነን ዓመታት ሄዱ። አንድ ጊዜ እንኳ አልተደዋወልንም፤ ፍላሹ ግን ቀርቶ አያውቅም።

ዘንድሮ ከትንሣኤ በኋላ ብርሁ፣ ገብረሚካኤል የስኳር በሽታው በርትቶበታል፣ ከቤት መውጣት ትቷል አለኝ። ያን ቀን ሰሌዳው ላይ ትልቅ ነጥብ የሚያስገኝ ቃል ነበረኝ። ተውኩትና «ልምጣ» ብዬ ሠራሁ። ሕጋችንን አላፈረስኩም፤ ቃሉ የጨዋታ ቃል ነው። ግን ገብረሚካኤል ነጥብ ስጥል አይቶኝ አያውቅም፤ ይገባዋል። ና ካለኝ እሄዳለሁ። ካላለኝ፣ በሰው ፊት የሰደብኩትን ሰው ቤት ሳልጠራ አልገባም። ፍላሹን ልኬ መልሱን መጠበቅ ያዝኩ።

በዚያው ሳምንት መብራቱ ሄዶ ሲመለስ የኔ ማሽን ተቃጠለ። ሽታው እስከ ጎረቤት ደረሰ። ስንሻው የስልክና የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አለው፤ እዚሁ ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገ፣ እጁ የሚያውቅ ልጅ ነው። አሮጌውን አየና ራሱን ነቀነቀ። አዲስ ላፕቶፕ አመጣልኝ። ቀጭን፣ ድምፅ የሌለው፣ ሲከፍቱት የሚያብረቀርቅ። ሲዲውን ልክተት ብል የሲዲ ቦታ የለውም። በሌላ መንገድ ጨዋታውን ጫነልኝና ስከፍተው፣ ይህ ፕሮግራም እዚህ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም የሚል ጽሑፍ መጣ። ለምን አይሠራም? አማርኛው ነው ያረጀው? ቃሉ ነው የሻገተው? ስንሻው እየሳቀ ስልኬ ላይ ሌላ የቃል ጨዋታ አወረደልኝ። በአንድ ቃልና በሌላው መሃል አንዲት ሴትዮ ብቅ እያለች በዓረብኛ ሳሙና ትሸጥልኛለች። ስልኩን አልጋው ላይ ወረወርኩት።

እውነቱን ለመናገር ስንሻው ለፍቷል። በአዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተር ያለ የሚያስመስል ፕሮግራም አለ አለኝ። ጨዋታው ድሮ ቤቱ የገባ ይመስለዋል። መጀመሪያ ፊደሉ ሁሉ ጭረትና ነጠብጣብ ሆኖ መጣ፤ የጥንቱን የፊደል ፋይል ከተቃጠለው ማሽን ዲስክ ውስጥ ፈልጎ አገኘለት። ላፕቶፑ እሱ ሱቅ ስለነበረ፣ ብርሁን ፍላሹ ሲመጣ እዚያው አድርስ ብዬው ነበር። አደረሰ። ማታ ስንሻው ሁሉንም ይዞልኝ መጣ።

«ኸላስ አባባ» አለኝ፤ አለቀ ማለቱ ነው። «ጽድት አድርጌልዎታለሁ።»

ከፈትኩት። ያው ቢጫ ሰሌዳ፣ ያው ፊደል። ከዚያ የመጨረሻውን ቃል ፈለግሁ። የኔው «ልምጣ» ነው። ከሱ በኋላ ምንም የለም። ፍላሹን ሰካሁት፤ ባዶ ነው።

ገባኝ። የገባኝ መሰለኝ። ሰውየው ጥያቄዬን አይቶ፣ ሳይመልስ፣ ፍላሹን ባዶ አድርጎ ልኮልኛል። ከዚህ በላይ ስድብ የለም። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የተባባልነው ሁሉ ከዚህ ጋር ሲተያይ ምስጋና ነው። ዙፋን ለምን አትደውልለትም ብትለኝ፣ ዳግመኛ ስሙን ቤቴ እንዳታነሺ አልኳት። ብርሁ በየሳምንቱ እየመጣ ፍላሽ የለም ወይ ሲለኝ፣ የለም፣ ጨዋታው አልቋል እያልኩ መለስኩት። ሰኔ አለፈ። ሐምሌም ጀመረ፤ መንገዱ ጭቃ ሆነ።

አንድ ጠዋት ብርሁ በር ላይ ቆሞ አልሄድም አለ።

«ያ ሰውዬ እኮ መጠበቅ ሰልችቶታል» አለኝ። «እኔን ባገኘኝ ቁጥር፣ መልሴን አላየም ወይ እያለ ይጠይቀኛል። ምን ልበለው?»

«የምን መልስ?»

«እኔ በምን አውቃለሁ፣ ጋሼ። ፍላሹን የሰጠችኝ ትዕበ ናት። ተጫውቷል፣ ቶሎ አድርስልን ነው ያለችኝ።»

ስንሻው ሱቅ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ሰው ስልክ ሊያሠራ ተሰልፏል፤ ሁሉንም አልፌ ገባሁ። ፍላሹ ላይ ምን ነበር አልኩት። አሰበና ትዝ አለው። ጨዋታው ሁለት ቦታ ተገኘ አለኝ፤ አንዱ እኔ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ፍላሹ ላይ፣ ስማቸው አንድ ዓይነት። ኮምፒውተሩ የትኛው ይቅር ብሎ ጠየቀው። ቀኑን አየ።

«ቀዲሙን ጥዬ ጀዲዱን ነው ያስቀረሁልዎት» አለኝ። አሮጌውን ጥሎ አዲሱን። «የርስዎ የሁለት ሺህ ሃያ አምስት ነው። የፍላሹ የሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ነበር፤ የስምንት ዓመት አሮጌ። ፍላሹንም አጽድቼ መለስኩልዎት።»

ከጀርባው ግድግዳው ላይ የቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። በየወሩ የሚገልጠው እሱ ራሱ ነው።

«ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት እኮ ዘንድሮ ነው» አልኩት።

ዞሮ መቁጠሪያውን አየ። ፊቱ ሲገረጣ አየሁት፤ አላዘንኩለትም። ጮህኩበት። በተሰለፈው ሰው ፊት፣ በአማርኛም በዓረብኛም ጮህኩበት። ይመለስ እንደሆነ ፍላሹን ሞከረ፤ ከዚያ በኋላ ግን ዙፋን ባዶ ነው ብዬ ስሰጣት የልጆቹን ፎቶ ሞልታበት ነበር። የለም። ቤት ተመልሼ ላፕቶፑን ከነመጠቅለያው ታቅፌ ብርሁ ሃይስ ውስጥ ገባሁ።

መንገዱን ሁሉ ስናደድ ሄድኩ። በስንሻው፣ በማሽኑ፣ የሰው ዓመት አልቀበልም ባለው ግትር ሰውዬ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ጊዜ መደወል ባቃተኝ በራሴ። መኪናው ሁለቴ ጭቃ ያዘው፤ ወርጄ ከወጣቶቹ ጋር ገፋሁ።

ኡም ጋርጉር ስደርስ ገና ቀን ነበር። ትዕበ በሩ ላይ አየችኝ። «አሁን ነው?» አለችና ዞር አለች። ግባም አላለችኝ፣ ሂድም አላለችኝ። ገባሁ።

ገብረሚካኤል ገመድ አልጋው ላይ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ተቀምጧል። ከስቷል። ሰላም ሳልለው ጀመርኩ፤ ማሽኔ ተቃጥሎ፣ አማቼ በቀን ተሳስቶ፣ ፍላሹ ባዶ ሆኖ፣ እኔ እንደ ናቅኸኝ ቆጥሬ። ፊት ለፊቱ ቆሜ ይህን ሁሉ ስደረድር እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«አየነው ነህ?» አለኝ።

«ታዲያ ማን መሰልኩህ?» አልኩት። አሁንም ተናድጄ ነበር። ከዚያ ዓይኑን አየሁ። እኔን አልነበረም የሚያየው፤ ከትከሻዬ በላይ ግድግዳውን ነበር።

ቁጭ አልኩ። ምን ብለህ ነበር የመለስክልኝ አልኩት።

«ቶሎ» አለኝ። «ቶሎ ነው ያልኩህ። ያን ጊዜ በግራ ዓይኔ ትንሽ አይ ነበር። ሐኪሙ እሷም በአንድ ወር ውስጥ ትጠፋለች ብሎኝ ነበር። ፊትህን ልየው ብዬ ነው።» የሚናገረው በኀዘን አልነበረም፣ በንዴት ነበር። «ሁለት ወር ሙሉ መኪና በቆመ ቁጥር ትዕበን በር ላይ አስቀመጥኳት። ያንተ ቶሎ ይኼ ነው?»

ማሽኑ ነው ልል ፈልጌ አፈርኩ።

«ክፈተው» አለኝ። «ቃሌን መልስልኝ።»

ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ ከፈትኩ። የሱ ፊደሎች ከታች ተደርድረው እንደቆሙ ናቸው። ሰሌዳውን በቃሉ ያውቀዋል። በቀኝ በኩል ወደታች «ሎሚ» የሚል አለ፣ ከ«ሎ» በግራ በኩል «ቶ»ን አስቀምጥ አለኝ። አስቀመጥኳት። አንዲት ፊደል ነበረች። ስትገባ ማሽኑ የጥንት ድምፁን ሰጠ። ገብረሚካኤል ሰማና ራሱን ነቀነቀ፤ ቁጣው ግን ከፊቱ አልወረደም።

ከዚያ እጁን ዘርግቶ ክንዴን ፈለገ፤ አገኘና ያዘኝ።

«ሸብተሃል?» አለኝ።

«ኧረ የለም፤ ድሮ እንዳየኸኝ ነኝ» አልኩት።

ትዕበ የነጣ ጸጉሬን አየች። አላጋለጠችኝም።