የጀዋሪያ ልክ

ሀዊ ክንዶቿን ከጎኗ ራቅ አድርጋ ቆማለች። ሐዲጃ ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ የቀሚሱን ጠርዝ ታጥፋለች። ዩኒፎርሙ የልጇ የጀዋሪያ ነው። ጀዋሪያ ቆሞ መለካት ስለሚሰለቻት ልኳ የሚወሰደው ሁልጊዜ በሠራተኛዋ በሀዊ ላይ ነው።

በሩ ተንኳኳ። የመጣችው ሙሚና ነበረች፤ በጅቡቲ ከተማ በጋቦዴ ሰፈር ቤት ለቤት እየዞረች ብቻቸውን ከኢትዮጵያ የመጡ ልጆችን መጠለያ የምታስገባ ሴት። መጠለያው ያስተምራል። ሐዲጃ ውሃ አቀረበችላት። ሙሚና ሀዊን ስንተኛ ክፍል እንደሆነች ጠየቀቻት።

ጀዋሪያ ከስልኳ ቀና ሳትል ሳቀች። «እሷ እኮ ሠራተኛችን ናት።»

ሙሚና ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ዕድሜሽ ስንት ነው?»

«አሥራ ስምንት» አለች ሀዊ።

ደላላው ጌቾ ከድሬዳዋ ያመጣቸውን ሁሉ ያስጠናቸው ይህንኑ ነው። ልጅ ነኝ ያለች ወደ አገሯ ትመለሳለች። የሀዊ መንደር ልጅ ሲምቦ እንዲህ ተመልሳ በዚያው ሰሞን ለሽማግሌ ተድራለች።

ሙሚና ወደ ጀዋሪያ ዞረች። «አንቺስ?»

«አሥራ ሁለት።»

ሙሚና ሀዊ የለበሰችውን ቀሚስ አየች። ከትከሻ እስከ ወገብ ልክክ ብሏል። ሐዲጃ ፈጠን ብላ የገጠር ልጅ ስለሆነች፣ በምግብ እጦት ቀጭጫ ነው አለች። ለማንኛውም ዛሬ ማታ ዘመዷ መጥቶ ይወስዳታል።

ዘመድ ያለችው ጌቾን ነው። ሀዊን ወደ የመን የሚያሻግራት ጀልባ ከኦቦክ ወደብ ይነሳል። ጦርነቱ ሌላ ከተማ ነው ብሏታል ጌቾ።

«የኔ ልጅ» አለች ሙሚና፣ «አሥራ ስምንት የሞላትን ሰው ያለ ፈቃዷ ማስቀረት አልችልም። ልጅ ከሆንሽ ግን ዛሬውኑ ይዤሽ እሄዳለሁ። ማንም አይመልስሽም። ልጅ ነሽ?»

ጌቾ እንዲህ የሚሉ ሴቶች እንደሚመጡም ነግሯት ነበር። በተለይ እነሱ ፊት ልጅ ነኝ እንዳትዪ ብሏታል።

«አይደለሁም።»

ሙሚና ነገ ጠዋት እንደምትመለስ ተናግራ ወጣች።

ሐዲጃ ስፒሎቹ እንዳይወጓት እየተጠነቀቀች ዩኒፎርሙን አወለቀችላት። ከዚያ ጌቾ ጋ ደውላ ማታ መሆኑ ቀርቶ ከመግሪብ ሶላት በፊት እንዲመጣ ነገረችው። ሀዊ ፈተና ያለፈች መሰላት። የራሷን ቀሚስ ለበሰች። እንግዳዋ ሳትጨርስ የተወችውን ውሃ ደፋች፤ ብርጭቆውን አጥባ አደረቀችና መደርደሪያው ላይ ከሌሎቹ ጋር ደፍታ አስቀመጠችው።