የሞዛ ስንኝ

ማካሜ ባለብዙ ክር መሣሪያውን፣ ካኑኑን፣ ጭኑ ላይ አጋድሞ የላላውን ክር በቁልፉ ጠበቅ ያደርጋል፣ በጣቱ ነካ አድርጎ ጆሮውን ያዘነብላል፣ ደግሞ ጠበቅ ያደርጋል። ካቲብ ደረጃውን ወጥቶ በሩ ላይ ሲቆም ቀና አላለም።

«ሞዛ ወደ አኺራ ሄደች» አለ ካቲብ። «ቀብሩ ከአስር ሶላት በኋላ ነው። የሙዚቃ ክለባችን በሙሉ ይወጣል።»

«አላህ ይዘንላት።»

«ትመጣለህ ወይ ነው የምልህ።»

«እግሬ የሷን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ዛሬም አይረግጥም።»

«የክለቡን ልብስ ሁሉ የሰፋች ሴት እኮ ናት! ያንተን ኮት ጭምር!»

«ኮቱ እጅጌው ያጥር ነበር።»

ካቲብ አብሮት የኖረ የክለቡ ከበሮ መቺ ነው። ሳቁ አመለጠው። «አንተ ሰውዬ፣ ሬሳ ታኮርፋለህ?» ብሎት ወረደ።

ጓዳ ውስጥ ሚስቱ ዙዌና ኮኮናት የምትፍቅበት ድምፅ ቆም አለና ቀጠለ።

ማካሜ ክሩን ተወው። ከዓመታት በፊት ያለፈው ያ ቀን መጣበት። ሞዛ ክለቡ ድረስ መጥታ ግጥም ሰጥታው ነበር፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቃትም። ዜማ የሚሠራ ሰው አይጠይቅም። ዛንዚባር ውስጥ ሴት ፊት ለፊት የማትናገረውን በታዕራብ ዘፈን ታስነግራለች። ዘፋኟ የታዘዘው ስንኝ ላይ ስትደርስ ባለጉዳይዋ ብር ይዛ እየተውረገረገች ትነሳለች። መንገዷ ላይ ማን ፊት ቆም እንዳለች ያየ ሁሉ ነገሩ ለማን እንደተወረወረ ያውቃል። ሸላሚ ቆማ ሳለ ደግሞ ስንኙ ይደጋገማል እንጂ ሙዚቃው አያልፍም።

ዜማውን የሠራው እዚሁ ቤት ነበር። ዙዌና ዓሣ እያጠበች ታዳምጠው ነበር። «እዚህ ጋ አዝግመው፤ የምትሸልመዋ መራመጃ ጊዜ ታግኝ» አለችው። እውነቷን ነው ብሎ አዘገመው።

ማሊንዲ ሰፈር፣ የሰርግ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ። ሴቶቹ በየረድፉ ተቀምጠዋል። ዘፋኟ ሩኪያ ድምጿን ለቀቀች፦

የኔ ናት ያልካት ጀልባ፣ ሸራ የገዛህላት፣
የድሮ ጌታዋ ወደብ ነው ቀን ቀን የሚስባት።

ሞዛ ተነሳች። በዚያ እሱ ባዘገመው ዜማ፣ ወገቧን እየሰበቀች፣ የመጀመሪያውን ረድፍ አለፈች፣ ሁለተኛውን አለፈች። ከዚያ ቆመች። ዙዌና ፊት።

ማካሜ ክው አለ። የሚስቱ የቀድሞ ባል ምባሩክ በዚያው ሰሞን ከታንጋ መመለሱን ያውቅ ነበር፤ ከዚያ ያለፈውን ሐሜት ግን ሰው ሁሉ ሰምቶታል፣ እሱ ብቻ አልሰማም። በገዛ ዜማው ሰማው። በዕድሜው ስቶ የማያውቅ ጣቱ ክር ሳተ። ማቆም አይቻልም፤ ሞዛ ቆማለች። ደገመ። ደገመ። የሴቶቹ ዓይን አንዴ ወደ ዙዌና፣ አንዴ ወደ እሱ ይመላለሳል።

ያን ጊዜ ዙዌና ተነሳች። በእጇ ብር አልነበራትም፤ አምባሯን አወለቀች። በዚያው ስንኝ ላይ፣ በሞዛ ጎን አልፋ፣ አምባሩን ሩኪያ መዳፍ ላይ አኖረችና ዞራ ሴቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። እልልታው ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ።

ከዚያ ወዲህ ማካሜ የሞዛን ሰላምታ መልሶላት አያውቅም። ከሩቅ ካያት መንገድ ይቀይራል። ከሚስቱ ጋርም ነገሩን አንስተውት አያውቁም።

ዙዌና እጇን በካንጋ ሽርጧ ጫፍ እየጠረገች ከጓዳ ወጣች።

«ሂድ» አለችው።

«የት?»

«ሞዛን ቅበር።»

«አንቺ ነሽ እንዲህ የምትዪው? ሰው ፊት ያዋረደችሽን ሴት?»

«እኔ ነኝ የለመንኳት።»

«ምኑን?»

«እንድትወረውርብኝ። ግጥሙንም ቁጭ ብለን አብረን ነው ያወጣነው።»

ማካሜ አያት። ቃሉ ጆሮው ገብቷል፤ ወደ ውስጥ ግን አልወረደም።

«ያን ሰሞን ገበያ ስገባ ሴቶቹ ዝም ይላሉ» አለች ዙዌና። «ቀን ቀን ምባሩክ ቤት ናት ይባላል። ማን አለ? ባለቤት የለውም። በሹክሹክታ ለመጣብኝ ምን ብዬ ልመልስ? ፊት ለፊት የሚወረውርብኝ ሰው ፈለግሁ። ጥፋት ያለባት ሴት በተወረወረባት ስንኝ ተነስታ አትሸልም፤ ፊቷን ሸፍና ነው የምትወጣ። ሞዛ ደግሞ ደፋር ነበረች። ፊቷን አዋሰችኝ።»

«ለኔ አትነግሪኝም?»

«አንተ መደበቅ ታውቃለህ? ጣትህ ሲስት አይተው እኮ ነው ያመኑት። ‹ባልየውም አያውቅም፣ ይሄስ የምር ውርወራ ነው፣ ተመካክረው አይደለም› አሉ።»

ማካሜ ጣቶቹን አየ። ያቺ የሳታት ድምፅ ይሄን ሁሉ ዘመን ስታሳፍረው ኖራለች። ለካ ሁለቱ ሴቶች ቀድመው ተማምነውባት ኖሯል።

«ከዚያስ በኋላ? ሰላምታዋን ስነፍጋት እያየሽ?»

«ልንገረው ብያት ነበር። ‹ተይው፣ ለካቲብ ይነግረዋል፣ ካቲብ ደግሞ ለባሕሩ ሳይቀር ያወራል። ደግሞም ሲያኮርፍ ያምርበታል› አለችኝ።»

ሞዛ ባየችው ቁጥር፣ እሱ መንገድ እየቀየረ እንኳ፣ «አሰላሙ አለይኩም፣ የካኑኑ ጌታ!» ብላ ትጮህ ነበር። የምታፌዝበት መስሎት ጥርሱን ነክሶ ያልፍ ነበር።

«ጠይቀኝ እንጂ» አለች ዙዌና።

«እውነት ነበር?»

«ውሸት። አሁን ነው የምትጠይቀኝ፣ አንተ ሰው?»

ጥቁር ካንጋዋን ደረበች። «እኔ ሴቶቹ ጋ ልሂድ። የአስር ሶላት እንዳያመልጥህ» ብላው ወረደች።

ማካሜ ብቻውን ቀረ። ለቀብሩ ነጭ ቀሚሱን ከሳጥኑ ሲያወጣ ብብቱ ተተርትሯል። መርፌ ፈለገ። ክሩን በቀዳዳው ለማሾለክ ሞከረ፤ ሳተው። ምራቁን ቀባው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ አለ፣ ደግሞ ሳተው። «ምን ዓይነት ሴቶች ናቸው፣ ያ ረቢ!» አለ ጮክ ብሎ፣ ማንም በሌለበት። ክሩ ገባለት። ስፌቱ ጠማማ ነው፤ ይሁን። ቋጠረው፣ ትርፉን በጥርሱ በጠሰው፣ መርፌውን የክሩ ጥቅል ላይ ሰክቶ መስኮቱ ሥር አስቀመጠው።