የለመደ ጆሮ

ባሌ የመናኸሪያው ድምፅ ነበር። ከመስታወቷ ክፍል ሆኖ በድምፅ ማጉያው የአውቶቡሶቹን መነሻ ሲናገር፣ አዳራሹ ሙሉ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ብድግ ይል ነበር። ከዚያ ስትሮክ መታውና ምላሱ ተሳሰረ። ሐኪሞቹ ከሞት አተረፉልኝ፤ የሚናገረው የሚገባው ሰው ግን ጠፋ፤ እኔም ጭምር።

ክረምቱን ሙሉ ኩሽና ተቀምጠን ያንኑ ማስታወቂያ ስንለማመድ ከረምን። እኔ ሽንኩርት እልጣለሁ፣ እሱ ማንኪያ እንደ ማይክራፎን ጨብጦ ይናገራል። መጀመሪያ የምሰማው ጉርምርምታ ብቻ ነበር። ቀስ እያለ አንድ ሁለት ቃል ተለየልኝ፤ በኋላ ሁሉም ኩልል ብሎ ይሰማኝ ጀመር።

የንግግር ሐኪሟ ግን ለብቻዬ ጠርታ፣ “እትዬ፣ እርስዎ ለምደውት እንዳይሆን። እስቲ የማያውቀው ሰውም ይስማው” አለችኝ። ቆሽቴ አረረ። “አንቺ ልጅ፣ የገዛ ባሌን ልታስተዋውቂኝ ነው?” ብያት ወጣሁ። እንግዳ ቤቴ አላስገባሁም፤ እንዲስቁበት አልፈለግሁማ።

አለቃው ደግ ሰው ነው፣ አንድ ዕድል ሰጠው። “ሰው ከገባው ወንበሩ ያንተው ነው። ካልሆነ ግን ሌላ መቅጠሬ ነው፤ አትቀየመኝ ወንድሜ።” ባሌ የተኮስኩለትን ሸሚዝ ለብሶ ገባ። እኔ ከተሳፋሪዎቹ መሀል አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

“ወደ ወደቡ የምትሄዱ፣ አውቶቡሱ ሊነሳ ነው፤ በሦስተኛው በር ግቡ።”

ጥርት አድርጎ ተናገረው! ደስታ ሊገድለኝ ምንም አልቀረው። ዞር ስል ግን ማንም ንቅንቅ አላለም። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ የወደቡን ትኬት እንደጨበጠች፣ “ምንድን ነው የሚለው? ማጉያው ተበላሽቶ ነው?” አለችኝ።

ደገመው። እኔ እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ፤ እሷ ግንባሯን ቋጠረች። ያን ጊዜ ገባኝ። የተፈታው የእሱ ምላስ ሳይሆን የእኔ ጆሮ ነበር። ምነው ያቺን ልጅ በሰማኋት!

በመስታወቱ አሻግሬ አየሁት። ዓይኑ አዳራሹን ይቃኛል፣ የሚነሳ ሰው ይፈልጋል። አለቃው ከኋላው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ባሌ እንደገና ተናገረ፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል።

ሻንጣ አልያዝኩም። የእጅ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ብድግ አልኩና በተቀመጠው ሰው መሀል አቋርጬ፣ ብቻዬን፣ ወደ ሦስተኛው በር ሮጥኩ።