የቄስ ገብረአማኑኤል አውራ ጣት

የናሱ መስቀል ከወንጌሉ የእንጨት ሽፋን፣ ከገበታው ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ተንሸራቶ ቄስ ገብረአማኑኤል ጭን ላይ ወደቀ። ቄሱ የገዛ እጃቸውን ከመውቀስ ይልቅ ጉሙን ረገሙ። ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ከወጣ ወዲህ ለአንኮበር የቀራት ጉም ብቻ ነው፤ እሱም በር ቢዘጉበት በስንጥቅ ይገባል።

መጀመሪያ የለጠፉት በስንዴ ሙቅ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን መጻሕፍት ሲደጉሱ ቆዳን ከገበታ ያጣበቁት በሱ ስለሆነ ናሱም እንደ ቆዳው የሚታዘዛቸው መስሏቸው ነበር። ቀጥሎ ከአሊዩ አምባ ገበያ የግራር ሙጫ አስመጡ። በቆላው ፀሐይ ድንጋይ የሚሆነው ሙጫ አንኮበር ሲደርስ ንፍጥ ሆነ። በሚስማር እንዳይመቱት ደግሞ ገበታው አርጅቶ ተሰንጥቋል።

ናስን ከእንጨት ጋር የሚይዘው ዝፍት መሆኑ ጠፍቷቸው አይደለም። የጎራዴ ምላጭ ከቀንድ እጀታው የሚጣበቀው በዝፍትና በተነፋ የገል ዱቄት ነው። ያንን የምታቀልጠው ግን የሟቹ ቀጥቃጭ ሚስት በሰለች ናት፤ ቄሱ ደግሞ በቀጥቃጭ ደጅ ከማለፍ በገደል አፋፍ መሄድ የሚመርጡ ሰው ናቸው። ቀጥቃጮች ቡዳ ናቸው ይላሉ። የሚበሉት እህል የታረሰበትን ማረሻ ማን እንደሠራው ጠይቀው አያውቁም።

የደብሩ አለቃ ወልደ ሰንበት ቁርጡን ነግረዋቸው ነበር፤ መስቀሉ በፍልሰታ ዕለት በሕዝብ ፊት ከወደቀ የደብሩ መጻሕፍት ድጉሰት ሥራ ለደብረ ብርሃኑ ደጓሽ ለወልደተንሣኤ ይሰጣል። ከዚህ የባሰ ውርደት ለቄሱ አልነበረም። ወልደተንሣኤን ኮርቻ ሰፊው እያሉ ነው የሚጠሩት።

ስለዚህ በዓሉ ሲቃረብ አንድ አመሻሽ ላይ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ወደ በሰለች ጓሮ ሄዱ። አጥሩን ሳያልፉ፣ ጥቂት ዝፍት እንድታቀብላቸው ጠየቁ፤ ጠየቁ ከተባለ።

“ዝፍቱ ሞልቷል፤ እሰጥዎታለሁ” አለች በሰለች። “በጓሮ ግን አይሆንም። ነገ በቀን በፊት ለፊት ይምጡና መደቤ ላይ አረፍ ብለው ይውሰዱ።”

“እኔ? አንቺ ቤት?”

“ባሌ ሲሞት ለፍትሐት መጥተው ከደጅ ነው የተመለሱት፣ አባ። ያን ጊዜ ያልገቡትን አሁን ይግቡ።”

ቄሱ አጥሩ ላይ ምራቃቸውን እንትፍ ብለው ተመለሱ። ቤታቸው ገብተው ያንኑ የግራር ሙጫ ቀቡና ምድጃ ዳር አደረቁት። ያዘ። ራሳቸውን እያደነቁ ተኙ።

በበዓሉ ዕለት ጉሙ ከበሮ መቺዎቹን እንኳ ሸፍኗቸው ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ወንጌሉን ይዘው ምእመናኑን ማሳለም ጀመሩ። አለቃው ጥላ ተይዞላቸው ከጎን ቆመዋል፤ ዓይናቸው ከመስቀሉ አይነቀልም። በእርጥብ ከንፈር የተሳመ ሙጫ መቼም አይጸናም፤ ጥቂት ሰዎች እንደተሳለሙ መስቀሉ ከቦታው ፈቀቅ አለ። ቄሱ ቶሎ ብለው በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። ከዚያ ወዲያ የአንኮበር ሕዝብ የተሳለመው የቄስ ገብረአማኑኤልን አውራ ጣት ነው። እሳቸውም እምብዛም አልከፋቸውም።

በሰለች ተራዋ ደርሶ ጎንበስ ስትል ጣቱን አየችው። አየችና ፈገግ አለች።

“ተሳልመሽ እለፊ” አሉ በጥርሳቸው መሃል።

“በፊት ለፊት እመጣለሁ ይበሉኝ” አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ነጠላዋን ከወንጌሉ ሥር ዘርግታለች። “መስቀሉን ሰው ሳያይ እቀበልዎታለሁ። ነገ በዝፍት አጣብቀን እንመልሰዋለን። አንድ ቃል ነው፣ አባ።”

ቄሱ በጥላሸት የጠቆሩ ጣቶቿን አዩ። አለቃው ሰልፉ ለምን እንደቆመ ለማየት አንገታቸውን አሰገጉ። ከጣታቸው ሥር መስቀሉ እየተንሸራተተ ነው፤ ቄሱ ግን ያሰቡት የቀጥቃጭ መደብ ላይ ተቀምጠው መንገደኛ ሁሉ በተከፈተው በር ሲያያቸው ነበር።

ኮርቻ ሰፊው ይሻለኛል አሉ በልባቸው። ወንጌሉን ከነጠላዋ አራቁና አውራ ጣታቸውን አነሱ።