ጠያቂ የበዛበት ወንበር

ስልኩ እንደገና ሲንጫጫ አናጢዋ የወንበር እግር ማጥበቂያ ሽብልቅ እየመታች ነበር። መዶሻውን በግራ እጇ እንደያዘች የቀኝ አውራ ጣቷን ከሰጋቱራው በሽርጧ ጠረገችና ማያ ገጹን ነካች። ያው ሰውዬ ነው። ራሱን "ሚስማር ጠሉ" ብሎ የሰየመ፣ ፎቶ የሌለው፣ ከጠዋት ጀምሮ በአንድ ወንበር ላይ የምርመራ መዝገብ የከፈተ ሰው።

"እንጨቱ ምንድን ነው?" ብሎ ነው የጀመረው። ደህና ጥያቄ ነው፤ መለሰች። "እግሩ የተያዘው በኮላ ነው ወይስ በሽብልቅ ብቻ?" መለሰች። "ሽብልቁስ ከየትኛው እንጨት ነው?" ጥርሷን ነክሳ መለሰች። አሁን ደግሞ ራሷ ካወጣችው ፎቶ ላይ የመቀመጫውን አንድ ጥግ ቆርጦና አስፍቶ ልኮላታል። ከሥሩ ጽፏል፦ "ሽብልቁ ለምን ወደ ግራ አዘነበለ?"

ምን እንደምትመልስ ስታስብ ሌላ ተከተለ።

"አንድ የመጨረሻ ነገር። ካላስቸገርኩ አናጢውን ልጠይቀው ፈልጌ ነበር።"

"ጭራሽ!" አለች ለወንበሩ። "ያን ሁሉ ጠይቆ አልበቃውም፣ አባቴን ደግሞ አንተ ብሎ ሊጠይቅ! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም አሉ።"

ብሎክ አደረገችው። መዶሻዋን አነሳችና ሥራዋን ቀጠለች፤ ግን የመጀመሪያው ምት ሽብልቁን ሳይሆን መቀመጫውን አገኘው።

በኢንተርኔት ገበያው ላይ ገጿ የታወቀ ነው። ወንበር ታወጣለች፣ ወንበሩ ይሸጣል፣ እስከ ዛሬ ተናጋ ብሎ የመለሰ የለም። ከፎቶዎቹ ሥር በደማቁ ያሰፈረችው ሕግ ደግሞ ከወንበሮቹ ይበልጥ ዝነኛ ነው፦ "ከሦስት በላይ የሚጠይቅ ገዢ ሳይሆን ወሬ ፈላጊ ነው፤ ይታገዳል።" ሶፋ የሚሸጡት፣ ምንጣፍ የሚሸጡት፣ ያገለገለ ፍሪጅ የሚሸጡት ሁሉ "አንጀቴን አራስሽው" ብለው ጽፈውላታል። አንዳንዶቹም ቃል በቃል ገልብጠው የራሳቸው አድርገውታል። በዚህ ትኮራለች፤ ለምን አትኮራ? ጠዋት ከእንጨት፣ ከሰዓት ከእንጨት ጋር የምትውል ሰው ለሥራ ፈት ጥያቄ የሚተርፍ አፍ የላትም።

ይህ ለሰው የምትነግረው ነው። ለራሷ የማትነግረው ሌላ አለ።

ከሕጉ በላይ፣ በገጿ አናት ላይ፣ "በአንጋፋው አናጢ እጅ የተሠራ" የሚል መስመር አለ። ስትጽፈው እውነት ነበር። አባቷን የደም ግፊቱ ቀኝ እጃቸውን ሲይዝባቸው ቤት ውስጥ የቀሩትን ወንበሮቻቸውን ልትሸጥ ነው ገጹን የከፈተችው። የእሳቸው ወንበሮች አለቁ፤ የእሷ ተተኩ፤ መስመሩ ግን ከቦታው አልተነሳም። አንድ ጊዜ አንዲት ሴት አንድ ጥያቄ፣ አንዲት ብቻ ጠየቀቻት፦ "ወንበሩን የሠራው ማን ነው?" ሦስት እስኪሞላ እንኳ አልጠበቀችም፤ ብሎክ አደረገቻት። በገጿ ታሪክ መጀመሪያ የታገደችው ያቺ ሴት ናት። ሕጉ ራሱ የተጻፈው ከእሷ በኋላ ነው።

በምሳ ሰዓት ሾርባውን ይዛ ገባች። አባቷ መስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ፣ ጀርባቸውን በትራስ አስደግፈው፣ እንደ ወትሮው በሩን እየተመለከቱ ነበር።

"ዛሬም ጠያቂ የለም?" አሉ።

"ማን ያልመጣ አለ አባዬ? ጎረቤቱ ሁሉ ጠይቆዎታል።"

"አንድ አንድ ጊዜ። ሰው ሲቆይበት ሕመምተኛነቱም ይረሳል።" ሾርባውን በግራ እጃቸው ለመያዝ ታገሉ፤ አላገዘቻቸውም፤ ማገዟን አይወዱም። "ይህ አዲስ ሰፈር ጥሩ ነው። ግን አሮጌው ሰፈር ሲፈርስ ሰዉም እንደ አሸዋ ተበተነ። የት እንዳለን ማን ያውቃል?"

ልታስቃቸው ፈለገች። "እኔ ግን ዛሬ ጠያቂ በዝቶብኝ ነው የዋልኩት። አንዱ ገዢ ነኝ ባይ ከጠዋት ጀምሮ ሲያደርቀኝ፦ እንጨቱ ምንድን ነው፣ ኮላ አለው ወይ፣ ሽብልቁ ከምን ተቆረጠ..."

"ደህና ጥያቄዎች ናቸው።"

"ቆዩ እንጂ። መጨረሻ ላይ ምን ቢል ጥሩ ነው? 'አናጢውን ልጠይቀው ፈልጌ ነበር።' ዓይኑን በጨው አጥቦ!"

አባቷ ማንኪያውን አስቀመጡ።

"ምን ነው ያለው?"

"'ልጠይቀው።' ስንት ጠይቆ አንሶት።"

"'ልጠይቃቸው' አላለም?"

"እሱ ነው እኮ ያናደደኝ! አባቴን አንተ..."

"አንቺ ልጅ" አሉ አባቷ፣ ቀስ ብለው። "ይህ ሰው ሊጠይቀኝ ነው።"

"እኮ!"

"እኮ ምን? ጥያቄ ሊጠይቀኝ አይደለም። ሊ-ጠ-ይ-ቀ-ኝ ነው። ታምሜ የለም እንዴ? ሰው ሲታመም ምን ይደረጋል?"

አናጢዋ ስልኳን ከሽርጧ ኪስ አውጥታ መልእክቱን እንደገና አነበበች።

"አሁን በዚህ ምድር ላይ አንተ የሚለኝ ማን ቀርቷል? አንድ እናትሽ ናት" አሉ አባቷ። "ሌላው... ስሙን ማን አለ?"

"ስም አይባልም። 'ሚስማር ጠሉ' ነው የሚለው።"

የአባቷ ትከሻ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ መሆኑን የለየችው ዓይናቸው እንባ ካቀረረ በኋላ ነው። በወጣትነታቸው፣ በአንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ፣ በአንድ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ አብረው ስለሠሩት ሰው ነገሯት። ወንበር ላይ ሚስማር የመታ ሰው ሲያይ ምሳውን የሚተው ሰው ነበር አሉ። ወደ ሌላ ከተማ ልጁ ዘንድ ከሄደ በኋላ ተጠፋፉ።

"ምን ብለሽ መለስሽለት?"

"ብሎክ አደረግኩት።"

"እሱ ምንድን ነው?"

"በር ዘጋሁበት ማለት ነው።"

አባቷ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይቀላት ነበር። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ብቻ መለሱ።

ወደ እንጨት መሥሪያዋ ተመልሳ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና እንደ ዕዳ አየችው። ብሎኩን ማንሳት የአንዲት ጣት ሥራ ነው። ግን ሰውዬው ሽብልቁን አይቷል። ወደ ግራ ያዘነበለ ሽብልቅ ቀኝ እጃቸው ብርቱ በነበረው በአባቷ መዶሻ እንዳልተመታ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሱ ነው። ከመጣ ያወራል። ካወራ በአባቷ እጅ ስም የራሷን ሥራ ስትቸረችር እንደከረመች እሳቸው ይሰማሉ። ካልመጣ ደግሞ አባቷ በሩን እያዩ ይኖራሉ። ጉዱ ይህ ነው፤ ሦስተኛ መንገድ ቢኖር በዚያ በሄደች።

"ይምጣ" አለች ጮክ ብላ። ብሎኩን አነሳችና ጻፈች፦ "አባቴ አሉ። ቀኝ እጃቸውን አሟቸዋል። መጥተው ይጠይቋቸው።" ከሥሩ አድራሻውን አስከተለች።

መልሱ ወዲያው ደረሰ። "መጣሁ።" ያ ሁሉ ሲጠይቅ የዋለ ሰው አሁን የጠየቀው አንድም ነገር አልነበረም።

ፀሐይዋ ገና ከግቢው ሳትወጣ የእናቷ ድምፅ ከበር ተሰማ፦ "ጠያቂ መጥቷል!" ይህ ቃል በቤቱ ከተሰማ ቆይቶ ነበርና እናቷም ሲሉት ደስ ብሏቸው አስረዘሙት።

ሰውዬው ረጅም፣ ቀጭን፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። አልጋው አጠገብ ደርሰው ቆሙ።

"አንተ" አሉ።

"አንተ" አሉ አባቷ።

እንግዳው አጎንብሰው የማይንቀሳቀሰውን ቀኝ እጅ በሁለት እጃቸው ያዙና ለረጅም ጊዜ አልለቀቁትም። እናቷ ሻይ አፈላለሁ ብለው ወጡ፤ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ ግን ሁሉም አይቷቸዋል።

ሻይ ተጠጣ፤ እንግዳው በቅርቡ ከልጃቸው ዘንድ ወደዚህ ከተማ ሲመለሱ አሮጌውን ሰፈር ፈርሶ እንዳገኙት ተናገሩ፤ ያለም የሌለም ተነሳ፣ ተሳቀ። ከዚያ እንግዳው የፈራችውን አነሱ።

"እስቲ ያንን ወንበር አምጪልኝ ልጄ።"

አመጣችው። ገለበጡት፣ እግሮቹን በጣታቸው አንኳኩ፣ ሽብልቁን በጥፍራቸው ዳሰሱ።

"ቅርጹን ትናንት ማታ ፎቶ ላይ ሳይ ወዲያው ያንተ ነው አልኩ" አሉ ለአባቷ። "ጽሑፉም 'በአንጋፋው አናጢ እጅ የተሠራ' ይላል። ሽብልቁን ሳየው ግን በግራ ገብቷል። እሱ በግራ ገብቶ እኔን ግራ አጋባኝ። ቀኝ እጁ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።"

"በማን እጅ የተሠራ ነው የሚለው?" አሉ አባቷ።

"በአንተ ነዋ።"

አባቷ ዞረው አዩዋት። እንጨት ስትመርጥ ዓይኗን የማታሽ አናጢ አሁን የወለሉን ጣውላ ትቆጥር ጀመር።

"ማን ነው እንዲህ ብሎ የጻፈው?"

"እኔ ነኝ።"

"የኔ ወንበሮች አላለቁም እንዴ?"

"ቆዩ ካለቁ።"

"ከዚያ ወዲህ ያለው የማን ነው?"

"የኛ ነው።"

"የኛ የሚባል ሽብልቅ የለም። መዶሻ የሚይዘው አንድ ሰው ነው።" ድምፃቸው አልጨመረም። "የሰው ሥራ የኔ ነው ብሎ የሚሸጥ ሌባ ይባላል። የራሱን ሥራ የሰው ነው ብሎ የሚሸጥስ ምን ይባላል?"

"ሞኝ" አሉ እንግዳው ፈጥነው።

"እኔ አላልኩም፤ እሱ ነው ያለው" አሉ አባቷ።

ሳቃቸው እሷን አላሳቃትም። "ሴት አናጢ፣ ያውም ግራኝ፣ ማን ያምነኛል ብዬ ነው አባዬ። ደግሞ ስምዎ ከገበያው እንዳይጠፋ ብዬ።"

"ስሜ?" አሉ አባቷ። "አንቺ ስትጠሪ ከስምሽ ቀጥሎ የሚመጣው የማን ስም ነው? የኔ አይደለም? አንቺ ከፊት ሂጂ እንጂ እኔማ ከኋላሽ አለሁ። የት እጠፋለሁ?"

ይህን ያሉት እንደ ቀላል ነገር፣ የሻይ ብርጭቆ አቀብዪኝ እንደማለት ነበር። ስለዚህም ነው እንባዋን መያዝ ያቃታት።

"አሁን ልጠይቃት?" አሉ እንግዳው።

"ጠይቃት።"

"እንደ ገበያው ሦስት ብቻ ነው እንዳትለኝ እንጂ።"

ጠየቋት። ሽብልቁ ለምን ወደ ግራ እንዳዘነበለ ጠየቋት። በግራዋ ስለምትመታ መሆኑን፣ መጀመሪያ ልታቃናው ብዙ እንደታገለች፣ ኋላ ግን እንደዚያ ሲሆን የመቀመጫውን መስመር አቋርጦ ስለሚይዝ እንጨቱን እንደማይሰነጥቀው አይታ እንደተወችው ነገረቻቸው። እንጨቱን ምን ያህል እንደምታደርቅ፣ መሮዋን በምን እንደምትስል፣ የኋላ እግሮቹን ለምን ትንሽ ወደ ውጭ እንደምታዘነብል ጠየቋት። መለሰች። እየመለሰች ስትሄድ አንገቷ ቀና አለ፤ እጆቿም መናገር ጀመሩ። ሰው ሥራዋን እንዲህ ጠይቋት አያውቅም፤ ወይም ጠይቆ ከነበረ መልሱን ሳይሰማ በር ተዘግቶበታል። አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር፤ የተኙ መስሏት ድምጿን ዝቅ ስታደርግ "ጮክ በይ" አሉ።

በመጨረሻ እንግዳው ወንበሩ ላይ በሙሉ ክብደታቸው ተቀመጡ። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን ነቀነቁት።

"አልጮኸም" አሉ።

"አይጮኽም" አለች።

"ይህን እኔ ወስጃለሁ።"

"ዋጋው አይቀንስም።"

"አልጠየቅኩም እኮ!" አሉ፣ ወደ አባቷ ዞረው። "እጇ ይባረክ። ምላሷ ግን ያንተው ነው።"

እንግዳው በማግስቱ ሊመለሱ ተቀጣጥረው ከሄዱ በኋላ አናጢዋ የእንጨት መሥሪያዋ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። ገጿን ከፈተች። "በአንጋፋው አናጢ እጅ የተሠራ" የሚለውን አጠፋችው። የዝነኛው ሕግ ተራ ሲደርስ ጣቷ ትንሽ አመነታች፤ ሶፋ ሻጮቹ ምን ይሉኝ ይሆን አለች በሆዷ። የፈለጉትን ይበሉ ብላ እሱንም አጠፋችው። በቦታው "ጥያቄ ያለው ይጠይቅ" ብላ ጻፈች።

ከዚያ ያገደቻቸውን ሰዎች ስም ወደ ታች እያሳለፈች የመጀመሪያዋን ሴት ፈልጋ አገኘች። ብሎኩን አነሳችላት። ጥያቄዋ መልስ ሳያገኝ እዚያው እንደተቀመጠ ነው፦ "ወንበሩን የሠራው ማን ነው?"

ስልኩን ከቀኝ እጇ ወደ ግራዋ አዛወረችው።

"እኔ ነኝ" ብላ ጻፈችና ላከችው።