ከስልሳ በታች

የአባቷን ልብ ያቆመው ምንድን ነው? ኒድያ መልሱን ያገኘች መስሏት ነበር።

«ከዚያ ድስት ማንም እንዳይቀዳ!» አለች፣ ለቀስተኛው ሁሉ እንዲሰማት ጮክ ብላ።

አክስቷ ኤርሚንዳ ጭልፋዋን እንደያዘች ቆመች። ድስቱ ውስጥ ያለው ትኩስ የሸንኮራ ስኳር ውሃ ብቻ ነበር። ጎረቤቶቹ ግን አንድ በአንድ ስኒያቸውን አስቀመጡ። የጠጣው ጸሎት መሪው ዶን ኦቪድዮ ብቻ ነው።

«እኔ ሰማንያ ሦስት ሞልቶኛል፤ ብትገድይኝም ብዙ አልጎዳም» አላት። የሳቀ የለም።

የለቅሶው ዘጠነኛና የመጨረሻ ቀን ነበር። ጸሎቱ ሲያልቅ ለሟች በቤቱ የተዘጋጀው መሠዊያ ይነሳል፣ የሟች ነፍስም ከቤት ትሰናበታለች። በማግስቱ ኤርሚንዳም ከቤቱ ትወጣለች፤ ኒድያ ልታስወጣት ቆርጣለች። ኤርሚንዳ በዚህ ቤት ወንድሟን ስትጦር ሠላሳ ዓመት ኖራለች።

ነገሩ የጀመረው በቀብሩ ዕለት ነው። ማድሪድ የመድኃኒት ትምህርት ተምራ እዚያው የቀረችው ኒድያ፣ ለቀብሩ ስትመጣ ከምድጃው በላይ ደረቅ ቅጠል የሞላበት ብልቃጥ አየች። ረዘም ያለ፣ የተጨማደደ፣ ፀጉራም ቅጠል። መጽሐፏ ላይ ያለውን የአንድ መርዛማ ተክል ሥዕል አስታወሳት። ከድንች ማሳው በላይ፣ በኢራሱ ተራራ ወገብ፣ ያ ሐምራዊ ደወል መሳይ አበባ እንደ አረም ይበቅላል፤ የአባቷ የልብ ክኒንም ከዚያው ዘር የሚገኝ ነው።

«ልብን አጠንክሮ ያስመታል፤ ምቱን ደግሞ ያዘገያል» ብላ ለሁሉም አስረዳችና ወደ አክስቷ ዞረች። «ክኒኑ ላይ ቅጠሉን ስትጨምሪበት ልቡ ዝግ አለ፣ ዝግ አለና ቆመ። አንቺ ነሽ ያጠጣሽው!»

ከዚያን ቀን ወዲህ ከኤርሚንዳ እጅ ደፍሮ የሚቀምስ ጥቂት ሆነ።

አባቷ ኤቬልዮ የልብ ምቱን መቁጠር የተማረው ከኒድያ ነው፣ በስልክ። በየማለዳው ሁለት ጣቱን የእጁ አንጓ ላይ አሳርፎ፣ የግድግዳውን ሰዓት እያየ ይቆጥርና ቁጥሩን የወጥ ቤቱ በር ላይ በጠመኔ ይጽፋል። ስልሳ ስምንት። ስልሳ አምስት።

«ከስልሳ በታች ከሆነ ሳትጠይቀኝ ክኒኑን እንዳትውጥ፤ ሳትጠይቀኝም እንዳትተው» ብላው ነበር።

«ድንቹንስ? እሱንም አስፈቅጄ ልትከል?» ብሎ ቀለደባት። ግን ታዘዘ።

ኋላ ተጣሉ። ለእናቷ ሙት ዓመት ሳትመጣ ስትቀር «የተማርሽው ላለመምጣት ነው» አላት። እሷም የሚልክላትን መልእክት መክፈት አቆመች። የመጨረሻውንም እስከ ዛሬ አልከፈተችውም። በሞተ ሰው መሰደብ አልፈለገችም።

ጸሎቱ አለቀ። ዶን ኦቪድዮ ሻማዎቹን ማጥፋት ሲጀምር ኤርሚንዳ ብልቃጡን አምጥታ ነጩ የመሠዊያ ጨርቅ ላይ ገለበጠችው።

«ንኪው።»

«አክስቴ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

«እኔንስ ማን ፊት አዋረድሽኝ? ንኪው አልኩሽ! እስካሁን በዓይንሽ ብቻ ነው ያየሽው።»

ኒድያ አንዱን ቅጠል አነሳች። ፀጉሩ እንደ እሾህ ጣቷን ወጋት።

«ቦራሃ ነው፣ የሳል ቅጠል» አለች ኤርሚንዳ። «የኛ ቦራሃ ይወጋል። የዚያ የደወሉ አበባ ቅጠል እንደ ጥጃ ጆሮ ልስልስ ነው። እዚህ አገር ሕፃን እንኳ ሳይነካ አይቀጥፍም።»

ኒድያ ቅጠሉን ጨርቁ ላይ መለሰችው። «ታዲያ ምን ገደለው?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ቁጥሩ ሲወርድበት ላንቺ ጻፈልሽ። ሁለት ቀን ስልኩን ታቅፎ ዋለ። ሐኪም ልጥራ ስለው ‹ተዪ፣ ልጄ ትመልሳለች፣ ሥራ በዝቶባት ነው› አለኝ። ‹ሳትጠይቀኝ እንዳትተው ብላኛለች› እያለ ዋጠው። በማግስቱም ዋጠው።»

ኒድያ ወደ ወጥ ቤቱ በር ዞረች። በጠመኔ የተጻፉት የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች፣ ሁለቱም ከስልሳ በታች፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ፊት ለፊቷ ነበሩ። ቅጠሉን ስታይ እነሱን አላየቻቸውም።

ወደ ድስቱ ሄደች። ስኒ ሞልታ ቀዳችና ሁሉም እያያት እስከ አተላው ጠጣችው።

«መጠጣትሽ አያስታርቀንም» አለች ኤርሚንዳ፣ ጭልፋውን ከእጇ እየነጠቀች።

ኒድያ ባዶውን ስኒ እንደያዘች ተቀመጠች። ስልኳን አውጥታ የአባቷን የመጨረሻ መልእክት ከፈተችው። ስድብ አልነበረም።

«አርባ አራት ነው ልጄ። ልዋጠው ወይስ ልተወው?»